የሚቀመጠው ቪዲዮ ሌላ፣ የሚላከው ቪዲዮ ሌላ

አበው «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ የዛሬውን ጉዳይ ከሥሩ ለማስረዳት በራሴ ጥፋት መጀመር ይኖርብኛል።

ከሃያ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ገና ረዳት ሌክቸረር ሳለሁ፣ ሜካኒክስ ያስተማሩኝ አንጋፋ መምህር ጡረታ ሊወጡ አንድ ሴሚስተር ቀራቸው። እኛ ወጣቶቹ ከትምህርታቸው ጥቂቱን እንኳ ለማስቀረት ስንል ቪዲዮ ካሜራ ተውሰን ስድስት ክፍለ ጊዜዎችን በስድስት የሚኒ ዲቪ ካሴቶች ቀረጽን። ከእነዚህ በአንዱ መምህሩ በሕንጻችን ደረጃ መካከል ባንጠለጠሉት ረጅም ፔንዱለም የመሬት ስበት ሽምጠጣን ለኩ። ውጤቱን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ቁጥር ሲጽፉ የመናገር ልማድ አልነበራቸውም፤ ጽፈው ዘወር ይሉና ተማሪው ራሱ እንዲያነበው ይጠብቁ ነበር።

እኔም ቀረጻው ለተማሪ ሁሉ እንዲዳረስ በማሰብ በዚያን ዘመን በየቤቱና በየሱቁ በተለመደው ቪሲዲ ገለበጥኩት። ካሴት በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ስላልነበረ «ቅጂው በእጃችን ነው» ብዬ በስድስቱም ካሴቶች ላይ ሌላ ነገር ቀረጽኩባቸው። ከዚያም ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄድኩ። እሳቸውም እኔ በሌለሁበት አረፉ።

ከተመለስኩ በኋላ ያንን ክፍለ ጊዜ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ላሳይ ዲስኩን ከፈትኩት። ድምፃቸው አለ፤ ፊታቸውም ይታወቃል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ግን በ9.7 ይጀምርና ቀጣዩ አኃዝ 3 ይሁን 8 አይለይም። ምስሉን አቁሜ፣ አጉልቼ፣ ብሩህነቱን ከፍና ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ያገኘሁት ግራጫ ካሬዎችን ብቻ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ባልራቀችና ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ከተማችን የሽምጠጣው መጠን በመማሪያ መጻሕፍት ከተለመደው 9.81 ማነስ ስላለበት፣ ንድፈ ሐሳቡ «8 ነው» ብዬ እንድገምት ያግዘኛል። ነገር ግን መምህሩ ፔንዱለሙን የሰቀሉት ግምትን በልኬት ለመተካት ነበር። ያ ልኬት በእኔ እጅ ጠፋ።

ይህ ገጠመኝ ያስተማረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥ። ለማኅደር የሚቀመጥ ቪዲዮና ለማጋራት የሚዘጋጅ ቪዲዮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ እንዲወስድ መፍቀድ ስሕተት ነው። የማን አሠራር የተሻለ ነው፣ የትኛው ቅርጸት አዲስ ነው የሚለው ክርክር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እመቃ ምን ይሠራል?

በቅድሚያ እመቃን ከነጭራሹ መኮነን አይገባም። ዛሬ በእጅ ስልክ የምንቀርጸው የተለመደ ቪዲዮ አንዱ ምስል ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነቁጦች አሉት፤ በድምሩ 2,073,600 ነቁጦች ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ነቁጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ብንመድብና በሰከንድ 25 ምስሎችን ብናሳልፍ፣ በሰከንድ 155,520,000 ባይት ያስፈልገናል። ይህ በአንድ ሰዓት 560 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ያለ እመቃ የሠርግ ቪዲዮም ሆነ የኢንተርኔት ትምህርት ባልኖረ ነበር።

ይህን ክምር ለመቀነስ በዋናነት ሦስት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው በዓይናችን ጠባይ ላይ ይመሠረታል። ዓይናችን የብርሃን መጠን ልዩነትን አጥርቶ ያያል፤ የቀለም ልዩነትን ግን በዚያው ልክ አያጠራም። ስለዚህ ብሩህነት ለእያንዳንዱ ነቁጥ ሲመዘገብ ቀለም ግን ለአራት ነቁጦች አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል፤ በዚህ ብቻ ዳታው በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው በጊዜ ላይ ይመሠረታል። መምህሩ ሲንቀሳቀሱ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስምና፣ እያንዳንዱን ምስል እንደ አዲስ ከመመዝገብ ይልቅ ከቀደመው የተለወጠውን ብቻ መመዝገብ ይበቃል።

ሦስተኛው ዘዴ ለፊዚክስ ተማሪ እጅግ የሚጥም ነው። ምስሉ 8 በ8 ነቁጦች ባሏቸው ትናንሽ ካሬዎች ይከፈላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያሉት 64 የብሩህነት ቁጥሮችም በ64 የኮሳይን ሞገዶች መጠን ይተካሉ። በፎሪየር ትንተና የምታውቁት ሐሳብ ነው። ቀስ ብሎ የሚለዋወጠው የምስሉ ክፍል፣ ማለትም ግድግዳው፣ ሰማዩ፣ የፊት ገጽታው፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሞገዶች ይወከላል። ቀጫጭን መስመሮችና ድንገተኛ ጠርዞች ደግሞ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች ይሻሉ። አማቂው ዝቅተኞቹን በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ከፍተኞቹን ግን በሻካራው ያጠጋጋቸዋል፤ አብዛኞቹንም ዜሮ ያደርጋቸዋል።

ይህን የሒሳብ ስልት ያፈለቀው በሕንድ የተወለደው መሐንዲስ ናሲር አሕመድ ነው። በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ድጋፍ ጥያቄ አቅርቦ ተቀባይነት አላገኘም፤ ራሱ እንደጻፈው ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሐሳቡን «እጅግ ቀላል ነው» ብሎት ነበር። እርሱ ግን ሥራውን ቀጥሎ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር በጥር 1974 አሳተመው። ዛሬ የጄፔግ ፎቶግራፍም ሆነ አብዛኛው የቪዲዮ እመቃ የቆመው በዚህ «እጅግ ቀላል» ሐሳብ ላይ ነው።

አሁን የእኔ ጥፋት በፊዚክስ ቋንቋ ግልጽ ይሆናል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ የጠመኔ መስመር ከጥቁር ወደ ነጭ በድንገት የሚዘል ቀጭን ጠርዝ ነው፤ መረጃው የሚኖረው በከፍተኛ ድግግሞሽ ሞገዶች ውስጥ ነው። 3ን ከ8 የሚለዩት በስተግራ ያሉ ሁለት አጫጭር መስመሮች ብቻ ናቸው። የዲቪ ካሴት ምስል 720 በ576 ነቁጦች ሲኖሩት በሰከንድ 25 ሜጋቢት ይመዘግባል። ቪሲዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ-1 ግን ምስሉን ወደ 352 በ288 አሳንሶ በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ይመድብለታል። የነቁጡ ብዛት ወደ ሩብ ወረደ፤ ዳታው ደግሞ ከሃያ አንድ እጅ በታች ሆነ። አማቂው የተሠራለትን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ፊትን አተረፈ፣ አኃዝን ጣለ። ጥፋቱ እርሱ የጣለውን ካሴቱም እንዳይጠብቀው ያደረግኩት የእኔ ነው።

በጨረቃ ጉዞም ደርሷል

ይህ ስሕተት የድሃ አገር ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ታላቅ ምሳሌ ልጥቀስ። በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ የተላከው የቴሌቪዥን ምስል ከተራው ቴሌቪዥን የተለየ ነበር፤ በሰከንድ 10 ምስሎች፣ በእያንዳንዱም ምስል 320 መስመሮች ነበሩት። ይህን በተራ ቴሌቪዥን ለማሳየት መቀየሪያ ያስፈልግ ነበርና፣ ምስሉ በስክሪን ላይ እየታየ ሌላ ካሜራ ከፊቱ ተደቅኖ እንደገና ቀረጸው። ዓለም በሙሉ ያየው ደብዛዛ ምስል ይህ ለማጋራት የተዘጋጀው ቅጂ ነው። ከጨረቃ በቀጥታ የመጣው ጥራት ያለው ምልክት በመሬት ጣቢያዎች በማግኔት ቴፖች ተመዝግቦ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ አልተገኘም። ናሳ በ2009 ባወጣው ማጠቃለያ ቴፖቹ ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ገለጸ። ለሕዝብ የቀረበው የታደሰ ፊልምም ከተገኙት የቴሌቪዥን ቅጂዎች የተሻሉትን በማሰባሰብ የተዘጋጀ ነው።

ናሳም እንደ እኔ ያጋራውን ቅጂ ይዞ የመጀመሪያውን ጣለ። ምክንያቱም ከእኔው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ቴፕ ውድ ነበር።

ለማኅደር ምን ይመረጣል?

እመቃ በሁለት ይከፈላል። «ቀናሽ እመቃ» የምለው ዓይን አይለየውም ብሎ የገመተውን የሚጥለው ነው፤ የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «ጠባቂ እመቃ» የምለው ደግሞ ድግግሞሽን በብልሃት አሳጥሮ የሚጽፍ፣ ሲፈታ ግን የመጀመሪያውን እያንዳንዷን ቢት መልሶ የሚሰጥ ነው። ቀናሽ እመቃ በየጊዜው ሲደጋገም ጉዳቱ ይደራረባል፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ፣ ከዚያም ላይ ሌላ ቅጂ እየተሠራ ሲሄድ ምስሉ እየላሸቀ ይመጣል። ጠባቂ እመቃ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አንድ ቢት አይጎድለውም።

ለማኅደር የእኔ ምርጫ ኤፍኤፍቪ1 የተባለው ጠባቂ አማቂ ነው። በነጻ ሶፍትዌር አዘጋጆች ከ2003 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2021 የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል ዝርዝር መስፈርቱን አሳትሞለታል። አብሮት የሚሄደው ማትሮስካ የተባለው የፋይል መያዣም በ2024 ተመሳሳይ ሰነድ ወጥቶለታል። እዚህ ላይ መያዣና አማቂ እንዳይምታቱባችሁ። ኤምፒ4 ወይም ማትሮስካ ዕቃውን የሚይዝ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ያለው ምስል በየትኛው ስልት እንደታመቀ የሣጥኑ ስም ብቻውን አይናገርም።

የመስፈርቱ በይፋ መታተም የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ብራናዎቹ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ዛሬም እነርሱን ለማንበብ የሚያስፈልገው ብርሃንና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዲጂታል ፋይል ግን ያለ ማሽንና ያለ ሶፍትዌር የማይነበብ የቢት ረድፍ ነው። ቢቢሲ በ1986 የአገሩን ሕይወት በሌዘር ዲስክ መዝግቦ «ዶምስዴይ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ስሙን የወሰደበት የ1086 መጽሐፍ እስከ ዛሬ ሲነበብ፣ ዲስኩ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሚያነበው መሣሪያ ብርቅ ሆኖ በተመራማሪዎች ልዩ ጥረት ነው የተረፈው። በይፋ የታተመ መስፈርት ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚተው ሰዋስው ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ አንባቢ ሶፍትዌሩን ራሱ ሊጽፍ ይችላል።

ታዲያ ሁሉንም ነገር ወደ ኤፍኤፍቪ1 እንለውጥ ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ከቪኤችኤስ ካሴት የሚገለበጥ ከሆነ ምልክቱ አናሎግ ነውና ሲገለበጥ በጠባቂ እመቃ መቀመጥ አለበት። የሚኒ ዲቪ ካሴት ከሆነ በውስጡ ያለው አስቀድሞ የታመቀ ዲጂታል ዳታ ስለሆነ ቢቱን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይበቃል። በእጅ ስልክ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ማኅደሩ ስልኩ ራሱ የጻፈው ፋይል ነው። አስቀድሞ የታመቀን ቪዲዮ ወደ ጠባቂ ቅርጸት መለወጥ ፋይሉን ያገዝፈዋል እንጂ የተጣለውን አይመልስም። የእኔን ቪሲዲ በምንም ብለውጠው ያ አኃዝ አይመለስም።

ለማጋራትስ?

ለማጋራት ሲሆን ግን አቋሜ ተቃራኒ ነው፤ ሳትሳሱ እመቁ። እዚህ ላይ የመመዘኛው ነጥብ የተመልካቹ ስልክና የዳታ ወጪው ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ትምህርት 2.25 ጊጋባይት ይሆናል። በ500 ኪሎቢት ቢታመቅ ግን 225 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከካርድ ላይ ቆጥቦ ዳታ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ልዩነት ትምህርቱን የማየትና ያለማየት ልዩነት ነው።

ከአማቂዎች መካከል ኤች.264 በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018፣ ኤች.266 በ2020 ወጥተዋል። እያንዳንዱ ትውልድ ያንኑ ጥራት ባነሰ ቢት ያቀርባል። ኤቪ1 በተለይ ያለ ፈቃድ ክፍያ እንዲሠራበት ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ልብ ያማልላል። ይሁንና የሚያነበው ልዩ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በሌላቸው ቆየት ያሉ ስልኮች ላይ ሥራው በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፤ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ስለዚህ ለተማሪ የምናጋራው ቪዲዮ ዛሬም በኤምፒ4 መያዣ የታሸገ ኤች.264 ቢሆን ይሻላል እላለሁ። በየትኛውም ስልክ ላይ ማለት ይቻላል ይከፈታል። አዲሱ ነገር ሁልጊዜ ለሁሉ ሰው የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ማኅደሩ በእጃችን ካለ ደግሞ የስልኮቹ ዘመን ሲለወጥ ከዚያው በአዲሱ አማቂ እንደገና ማዘጋጀት እንችላለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ዩቲዩብና ቴሌግራም ማጋሪያ እንጂ ማኅደር አይደሉም። ዩቲዩብ የተጫነለትን ሁሉ በራሱ መንገድ እንደገና ያምቀዋል። ቴሌግራምም በቪዲዮ መልክ የተላከን ነገር በተለምዶ ያምቃል፤ በፋይል መልክ ከላካችሁት ግን እንዳለ ያደርሳል። ለጓደኛችሁ ልካችሁ ከስልካችሁ የደመሰሳችሁት የምረቃ ቪዲዮ በእኔ ካሴቶች መንገድ ላይ ነው።

«ማከማቻው ከየት ይመጣል?»

ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ዶክተር፣ ማከማቻውን ማን ይገዛዋል?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሒሳብ እንየው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሴሚስተር 48 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አንድ ሰዓት የዲቪ ቀረጻ 13 ጊጋባይት ያህል ነውና ኮርሱ በሙሉ 624 ጊጋባይት ይይዛል፤ በአንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ይገባል። ከቪኤችኤስ በጠባቂ እመቃ የሚገለበጥ ከሆነ በሰዓት 30 ጊጋባይት ብንገምት ሁለት ቴራባይት ይበቃል። እመቃ ባይኖር ኖሮ ለዚሁ 48 ሰዓት 3.6 ቴራባይት ገደማ በተፈለገ ነበር።

ዲስክም ይሞታልና አንድ ቅጂ አይበቃም። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም በሌላ ሕንጻ የሚለው ልማድ የተፈተነ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል በሻ-256 ስልት 64 አኃዝና ፊደላት ያሉት አሻራ አውጥቶ መመዝገብም ያስፈልጋል፤ አሻራው በየዓመቱ ሲፈተሽ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ይታወቃል። ይህ ወጪ አለው፤ አልክድም። ስለዚህ መምረጥ ይገባል። ሁሉም ቀረጻ ለማኅደር አይታጭም። የተደገመ የማይገኝ ነገር፣ ያረፈ ሰው ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ልኬት ግን ቅድሚያ ያሻዋል።

ጊዜውም አጭር ነው። የመጨረሻው የታወቀ የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ምርቱን አቁሟል። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ማኅደሮች ማኅበር ጋር በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ የማግኔት ቴፖች እስከ 2025 ካልተገለበጡ ይዘታቸው ሊጠፋ እንደሚችል አሳስቦ ነበር። በየቤታችሁ በሣጥን ውስጥ፣ በየትምህርት ክፍሉ በቁም ሣጥን ውስጥ ያሉ ካሴቶች ይህን ቀጠሮ አያውቁትም። እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ።

በመጨረሻም፣ ውድ ተማሪዎች፣ ዘንድሮ ከክፍሌ ልጆች ጋር በዚያው ደረጃ መካከል ፔንዱለም ልንሰቅል ተስማምተናል። የምናገኘው ቁጥር የእኛ ልኬት እንጂ የመምህሬ አይሆንም፤ ያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አኃዝ 3 ይሁን 8 ለዘለዓለም አላውቅም። ሥራችንን በስልክ እንቀርጻለን። ለሁላችሁም የሚላከው ትንሹ ቅጂ ይሆናል፤ ስልኩ የጻፈው ፋይል ግን ሳይነካ ይቀመጣል። ቁጥሩንም ስጽፍ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።